አደራ መመለስ

በአማርኛ «እጁን ሰጠ» የምንለው ሰው ተሸንፏል፤ መሣሪያውን አስቀምጦ ይማረካል። «ራሱን ሰጠ» የምንለውን ግን ማንም አላስገደደውም፤ ለትምህርት፣ ለአገር ወይም ለልጆቹ ወድዶ የሰጠ ነው። የሂንዱ ምእመናን ሻራናጋቲ የሚሉት፣ ሰው ራሱን ለፈጣሪ የሚያስረክብበት ነገር፣ ከሁለቱ የትኛው ነው? ጥያቄው የህንድ ብቻ ይመስላል። ግን የምዕራብ ጎጃም አርሶ አደር ዘር ሲበትን፣ ባለ ስለት ጃንጥላ ገዝቶ ደጀ ሰላም ሲደርስ፣ መነኩሴ ቆብ ሲጭን የሚነሣው ይኸው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በሁለት ሰዎች አንደበት አቀርበዋለሁ። አንደኛው ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ የኔታ ናቸው፤ ሁለተኛው እሳቸው ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ በኋላ ደቡብ ህንድ ተምሮ የተመለሰ የመስኖ ባለሙያ ነው። ስም አልሰጠኋቸውም፤ ሐሳቡን እንዲሸከሙልኝ የፈጠርኋቸው ናቸውና። የተቀመጡት ከመራዊ ወጣ ብሎ፣ ከቆጋ ግድብ በሚወርድ ቦይ ዳር፣ አንድ ገበሬ አካፋውን ተደግፎ የውኃ ተራውን በሚጠብቅበት ማሳ ጫፍ ላይ ነው።

የኔታ፦ እስኪ ከሥሩ ጀምርልኝ ልጄ። «የአሕዛብ ነገር ነው» ብዬ ብዘጋው ይቀለኝ ነበር። ግን ሰው ተንበርክኮ የሚለውን ሳይሰሙ መፍረድ ለመምህር አይገባም። እነዚያ ሰዎች ራሳቸውን ለፈጣሪ ሰጡ ሲባል ምን አደረጉ ማለት ነው?

ባለሙያው፦ ከቃሉ ልነሣ የኔታ፤ እርስዎም ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው። ሻራና ማለት ጥግ፣ መጠጊያ ነው። ሻራናጋቲ ሲሆን ወደ ጥግ መምጣት ይሆናል፤ ስለዚህ የሚቀርበው «መማፀን» ለምንለው እንጂ ለ«እጅ መስጠት» አይደለም። ሐሳቡን አብዝተው የመረመሩት በደቡብ ህንድ፣ በታሚል አገር ያሉት ሽሪ ቫይሽናቫ የሚባሉ የቪሽኑ አምላኪዎች ናቸው። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን ራማኑጃ መሠረቱን ጣለላቸው፤ ከእሱ በኋላ ፒላይ ሎካቻርያና ቬዳንታ ዴሺካ አመሰጠሩት። ራስን መስጠት ስድስት ነገር አለው ይላሉ፤ ፈጣሪን የሚያስደስተውን ለማድረግ መቁረጥና የሚያሳዝነውን መተው ከስድስቱ ናቸው። እኔን የያዘኝ ግን ራስን ማኖር የሚሉት ነው። በእኛ ቋንቋ ልክ የሚሆንለት ቃል «አደራ» ነው። ሰው ራሱን አደራ ይሰጣል። ነገር ግን ትንሽ ቆይተው ነገሩን ይገለብጡታል። ነፍስ ከመጀመሪያውም የፈጣሪ ገንዘብ ከሆነች፣ አደራ ተቀባዩ እኔ ነበርሁ፤ ባለቤቱ እሱ ነው። እንግዲህ «ራሴን ሰጠሁ» ማለት የራሴን ቆርሼ መስጠት ሳይሆን፣ እጄ ላይ ቆይቶ የራሴ የመሰለኝን የሰው ገንዘብ ለባለቤቱ መመለስ ነው።

የኔታ፦ ቃሉ ያምራል። ቅኔ ቢሆን «ይበል» እልህ ነበር። ነገር ግን ያማረ ቃል ሰውን ያሰንፋል። በአገራችን «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚል ሰው አለ። አረም እርሻውን ሲውጠው ዕድሌ ነው ይላል፤ ልጁ ታሞ ሳያሳክመው ሲቀር ዕድሌ ነው ይላል። አንተ የነገርከኝ ሰው ከዚህ በምን ይለያል? ሁሉ የሱ ነው ካልህ፣ ማረሙም የሱ ነው ብሎ ጥላ ሥር የሚተኛውን በምን ትቀሰቅሰዋለህ?

ባለሙያው፦ በራሳቸው መጽሐፍ እቀሰቅሰዋለሁ። ባጋቫድ ጊታ የሚከፈተው ጦር ሜዳ ላይ ነው። አርጁና የሚባለው ቀስተኛ በሁለቱ ጭፍሮች መካከል ሠረገላውን አስቁሞ ሲያይ፣ ከወዲያ የቆሙት ዘመዶቹና መምህራኑ ናቸው። ጉልበቱ ከዳው፤ ቀስቱን ጥሎ ሠረገላው ላይ ተቀመጠ። እኛ «እጁን ሰጠ» የምንለው ይኸን ነው። መጽሐፉ ግን ይኸንን ራስን መስጠት አይለውም፤ ሐዘንና ግራ መጋባት ነው የሚለው። አምላክ ነው የሚሉት ሠረገላ ነጂው ክሪሽና እስከ 18ኛው ምዕራፍ ድረስ ሲያስተምረው ይቆይና፣ መጨረሻው አካባቢ ሁሉን ትቶ ወደ እሱ ብቻ እንዲጠጋ ይነግረዋል። አርጁና ጥርጣሬው እንደ ተወገደለት፣ ቃሉንም እንደሚፈጽም ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ይነሣል። ልብ ይበሉ የኔታ፣ ቀስቱ የወደቀው ራሱን ሳይሰጥ ነው፤ ከሰጠ በኋላ ግን አነሣው። ራስን መስጠት ሥራ ማቆም ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ በመጀመሪያው ምዕራፍ ያልቅ ነበር። ዕድሌ ነው ያለው ሰው ሥራውን ትቶ ፍሬውን ይመኛል፤ ይኸኛው ሥራውን ይዞ ፍሬውን ይለቃል። አንድ ነገር ልጨምር። ያ ጥሪ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ክሪሽና የተባለውን ሁሉ መርምሮ የወደደውን እንዲያደርግ ለአርጁና ይተውለታል። ምርጫ በሌለበት የሚሆነው መማረክ ብቻ ነው።

የኔታ፦ በዚህስ እኛም ምስክር አለን። ሰው ሲመነኩስ አይተህ ታውቃለህ? እንደ ሬሳ ተጋድሞ ይሸፈንና በላዩ ላይ የሙታን ጸሎት ይደገማል፤ መጽሐፈ ግንዘት በቁሙ ይነበብለታል። ለዓለም ሞተ ይባላል። ታዲያ ያ «ሬሳ» በማግስቱ የት ይገኛል? ውኃ ሲቀዳ፣ እህል ሲፈጭ፣ የገዳሙን እርሻ ሲያርስ ነው የምታገኘው። የአንድነት ገዳም መነኩሴ ከገበሬው እኩል ይደክማል፤ ከጎተራው ግን «ይኸ የእኔ ነው» የሚለው አንድ ቁና የለውም። ሞተ የተባለው እጁ ሳይሆን «የእኔ» የሚለው ቃሉ ነው። እሺ፣ በስንፍናው በኩል ረትተኸኛል። አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። እኛ ዘንድ ከመስጠት ይልቅ የበዛው ስለት ነው። «ልጅ ብትሰጠኝ ምንጣፍ አገባለሁ፤ ከእስር ቢፈታልኝ ጧፍ አበራለሁ።» ይኸ መደራደር ነው። ህንዶቹስ አይደራደሩም?

ባለሙያው፦ ይደራደራሉ እንጂ! ታሚል ናዱ ውስጥ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ወርቅና ኮኮናት ይዞ ስለቱን ሊያደርስ የሚሰለፈውን ሕዝብ ቢያዩ የግሸን ንግሥ ይመስልዎታል። የአደራው ትምህርት ይኸን ድርድር ከሥሩ ይነቅለዋል። የሰው አደራ ይዞ «ይኸን ብትሰጠኝ ገንዘብህን እመልስልሃለሁ» የሚል ሰው አይመሰገንም፤ ይከሰሳል እንጂ። ስለዚህ ስለተኛው ገና ራሱን የሰጠ ሰው አይደለም፤ ያልሰጠውን በመያዣነት ይዞ የሚነግድ ነው እላለሁ።

የኔታ፦ ቀስ በል! ያች ምንጣፍ ተሸክማ የመጣችው ሴት ነጋዴ አይደለችም። አሥር ዓመት ልጅ ያጣች ናት። የምትሰጠው ያላትን ነው፣ የምትጠይቀውም የሚያስፈልጋትን ነው። አንተ ጠግበህ ስለ ፍሬ መተው ታወራለህ፤ እሷ ፍሬ አይታ አታውቅም።

ባለሙያው፦ ልክ ነዎት፤ ቃሌ ከሚገባው በላይ ከረረ። ጊታውም ከእርስዎ ጋር ነው። በሰባተኛው ምዕራፍ ወደ ፈጣሪ የሚመጡት ሰዎች አራት ዓይነት ናቸው ይላል፤ የተጨነቀ፣ ጥቅም ፈላጊ፣ ዕውቀት ፈላጊና አዋቂ። አዋቂውን ያስቀድማል፤ ነገር ግን ሦስቱን አይጥልም፣ ሁሉም የከበሩ ናቸው ይላል። ስለት መግቢያ በር ነው ብዬ ላሻሽለው። ጥፋቱ በሩ ላይ ቤት ሠርቶ መኖር ነው። ስለቷ የሰመረላት ሴት ምንጣፉን ካስገባች በኋላ ልጁን «በስለቴ የገዛሁት» ብላ ካሳደገችው አደራው ጠፋ፤ «የሰጠኸኝን አሳድግልሃለሁ» ካለች ግን ሳታውቀው ከመነኩሴው ጋር ተስተካከለች።

እዚህ ላይ እኔ ጸሐፊው ልግባ። በመጻሕፍት የምናገኘው ፍጹም መሰጠት ብዙ ጊዜ የጠገበና የተረጋጋ ሰው ጸሎት ይመስላል። የኔታ ያነሡት ተቃውሞ ካልተመለሰ ትምህርቱ ሁሉ ድኻን የሚያዋርድ ይሆናል፤ ስለዚህ ባለሙያው ቃሉን መመለሱ ደስ አሰኝቶኛል። ሐሳብ የሚጠራው እንዲህ ሲገራ ነው።

የኔታ፦ እንግዲያው የልፋቱን ልክ ንገረኝ። ሰው ምን ያህሉን ያደርጋል፣ ፈጣሪስ ምን ያህሉን?

ባለሙያው፦ እዚህ ላይ ሽሪ ቫይሽናቫዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ዴሺካን የሚከተሉት ቫዳካላይ፣ ማለትም ሰሜኖቹ፣ በዝንጀሮ ግልገል ይመስሉታል፤ እናቱ ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ግልገሉ ሆዷን ጨብጦ ይይዛል። ፒላይ ሎካቻርያን የሚከተሉት ቴንካላይ፣ ደቡቦቹ፣ በድመት ግልገል ይመስሉታል፤ እናቱ ማጅራቱን በአፏ ነክሳ ትወስደዋለች፣ እሱ ምንም አያደርግም። ክርክሩ በግንባራቸው ላይ ሳይቀር ታትሟል፤ የሚቀቡት ምልክት ይለያያል። በቤተ መቅደስ መብት የተነሣ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰዋል።

የኔታ፦ አይ የሰው ነገር! እኛስ ቅባት፣ ጸጋ እያልን ስለ ክርስቶስ መከራከርን መቼ ተውን? ጎጃምና ጎንደር ስንት ዘመን ተወቃቅሰው፣ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ እስኪጠራ ደረሰ። ለእኔ ግን ዝንጀሮውም ድመቱም አልተመቸኝም። አንቀልባ አይተሃል? እናት ጎንበስ ብላ ልጁን ወደ ጀርባዋ ስትወረውረው ቆዳውን የምታጠብቀው እሷ ናት። ልጁ አይጨብጥም፤ ቢጨብጥም የእሱ ጭብጥ አይሸከመውም። ነገር ግን «አልታዘልም» ብሎ ገትሮ ከተወራጨ፣ እግሩንም ካልከፈተ፣ የትኛዋም እናት ልታዝለው አትችልም። የልጁ ድርሻ አለመወራጨት ነው። ከታዘለ በኋላ ደግሞ እናቱ እጇ ነጻ ስለሆነ እንጨት ትለቅማለች፣ እንጀራ ትጋግራለች።

ባለሙያው፦ የኔታ፣ ይኸን ደቡቦቹ ቢሰሙ «የእኛ ሰው ነው» ይሉ ነበር። እነሱም ከሰው የሚፈለገው አለመቃወም ብቻ ነው ይላሉ። ሰሜኖቹ ግን አለመወራጨቱም አንድ ሥራ ነው ብለው ይመልሱልዎታል። እኔ የሚታየኝ ሁለቱም የሸሹት አንድ አደጋ መሆኑ ነው፤ ሰው መስጠቱን ራሱን እንደ ውለታ እንዳይቆጥረው። አደራ የመለሰ ሰው «ውለታ ዋልሁልህ» አይልም።

የኔታ፦ አሁን የሚከብደውን ላንሣ። «ራስህን ስጥ፣ አንተ ምንም አይደለህም» የሚለው ቃል ከጌታ አፍ ሲወጣ ለገባሩ ሰንሰለት ነው። ባለ ሥልጣን ይወደዋል። ይኸው ይኸ ግድብ ሲሠራ ከኋላው የተኛው ውኃ የስንት ሰው ግጦሽና ማሳ ውጧል። ለዚያ ሰው «ለፈጣሪ አስረክብ» ብትለው ሐሰት አይሆንም?

ባለሙያው፦ ሐሰት ይሆናል። መነጠቅና መስጠት አንድ አይደሉም፤ የተነጠቀውን ሰው «ሰጠህ» ማለት ሁለተኛ መንጠቅ ነው። የአደራውን ነገር በደንብ ከያዝነው ግን ከጌታው ይልቅ ገባሩን ያግዛል። ነፍሴ የፈጣሪ ገንዘብ ከሆነች አንተ ባለቤቷ አይደለህም ይለዋል። በጎጃም በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያመጣ ጾሙንና በዓሉን የሚያከብረው ያው ገበሬ አልገበርም ብሎ ተነሣ። ለእግዚአብሔር መገዛቱ ለገማችና ለግብር ሰብሳቢ እንዲገዛ አላደረገውም። በህንድም ይኸው መንፈስ አለ። የቪሽኑ ዘማሪ የነበረው ቲሩፓን አልቫር ከቤተ መቅደስ እንዳይገባ ከተከለከለ ወገን ነበር፤ ትውፊቱ እንደሚለው የስሪራንጋም ካህን በትከሻው ተሸክሞ አስገባው። ራስን የመስጠት መንገድ ለሁሉም ወገን ክፍት ነው ማለታቸው በዘር ለተከፋፈለ አገር ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሥራው ከቃሉ ዘገየ። በዚያው በደቡብ ህንድ የትራቫንኮር ንጉሥ ቤተ መቅደሶቹን ለሁሉም ሂንዱ የከፈተው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። በትከሻ ተሸክመው ያስገቡትን ሰው ታሪክ ስንት መቶ ዓመት እየዘመሩ፣ ወንድሙን በር ላይ አቆሙት።

የኔታ፦ እሱን አለመሸፈንህ ጥሩ ነው። እኔም ልጨምርልህ፣ በመካከል ገብቶ «ለፈጣሪ የምትሰጠውን ለእኔ ስጠኝ» የሚል አለ፤ ጉሩም ይባል አጥማቂ ወይም ነቢይ። የሰው አደራ በመንገድ ላይ የሚቀበል ሌባ ነው። መለያውም አይከብድም፤ ከእሱ ዘንድ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሥራውን፣ ትዳሩንና ልቡናውን ይዞ ተመለሰ ወይስ ባዶውን?

ባለሙያው፦ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሃይማኖታቸው ስም ራሱ ለአላህ መገዛት ማለት ነው፤ በህንዶቹም፣ በእኛም፣ በእነሱም ቤት መስጠት ለአንዱ ብቻ የሆነው እንዲህ ያለው ሌባ በመካከል እንዳይገባ ይመስለኛል። ሰው ለሰው ሲሆን እጅ መስጠት ይሆናል።

የኔታ፦ የአደራውን ነገር ስታነሣ እኔ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ነገር ነው የመጣልኝ። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ እንደሚተረከው፣ ጻድቁን የንጉሥ ወታደሮች ሊያስሩ ሲመጡ የጸሎት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ። ከእስር ሲመለሱ ውኃው መጻሕፍቱን ሳይርሱ መለሰላቸው ይባላል። ሕዝቡ ተአምሩን ነው የሚያወራው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው የመሄጃውን ሰዓት ነው። የመነኩሴ ሀብቱ መጽሐፉ ነው፤ ብራና ደግሞ ውኃ ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል፣ ቆዳው ይጨማደዳል። የሚያጠፋው ነገር ውስጥ ነው ያኖሩት። ይመለስልኛል ብለው ቢሆን ኖሮ ደረቅ ዋሻ አልጠፋቸውም።

ባለሙያው፦ ያ ምንጭ ግልገል ዓባይ ይሆናል፤ ይኸ ቆጋም የሚገባው እሱው ውስጥ ነው፤ አብረው ጣና ይወርዳሉ። እኔ በሥራዬ የሚሰማኝን ልንገርዎት? ሰው «ግድብ ከተሠራ ወዲህ ምሕላ ቀረ፣ ውኃው በእጃችን ነው» ይላል። 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የታሰበ ነው። ነገር ግን መዝጊያውን እኛ ብንከፍተውም፣ ከኋላው ያለው የክረምት ዝናብ ነው። ደግሞም ዝናቡ ቢመጣም ቦዩ በደለል ከተሞላ ውኃው ማሳ አይደርስም። ገበሬው ቦዩን ይጠርጋል፣ ተራውን ይጠብቃል፣ በሌላው ተራ አይሰርቅም። አደራ ያለበት ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው።

የኔታ፦ አንድ ቀርቶኛል፤ ይኸኛውን ለመርታት ብዬ አይደለም የምጠይቅህ። ቦዩን ጠርጎ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ስንዴውን ዋግ ሲመታውስ? ከዚያም የሚከፋው አለ፤ ልጇን የምትቀብር እናት አለች። «አደራውን ባለቤቱ ወሰደ» ብለህ ታጽናናታለህ? እኔ ስንት ቀብር ላይ ቆሜ ይኸን ቃል ከአፌ ማውጣት አልቻልሁም።

ባለሙያው፦ አልላትም የኔታ። እሱ ቃል ራሷ ካላለችው በስተቀር የማንም አይደለም። ግን አንድ ነገር አለ። እንደ ቲሩፓን አልቫር ካሉት የታሚል ዘማሪ ቅዱሳን ዋነኛው ናማልቫር ነው፤ ራስን በመስጠት እንደ አርአያ የሚጠቅሱት እሱን ነው። መዝሙሮቹ ግን በጸጥታ የተሞሉ አይደሉም። ፍቅረኛዋ ጥሏት እንደ ሄደ ሴት ሆኖ ያለቅሳል፣ ይወቅሳል፣ «የት ሄድህ» ይላል። ሰጥቷል ብለው የሚያምኑበት ሰው ነው ይኸን የሚለው። መስጠት ዝም ማለት ቢሆን ኖሮ እሱን አርአያ አያደርጉትም ነበር።

የኔታ፦ እህ።

ባለሙያው፦ ዕድሌ ነው የሚል ሰው አያለቅስም፤ የሚያለቅስለት የለማ። ዕድል ጆሮ የለውም።

የኔታ፦ እሷስ «ምነው ፈጣሪዬ» ትላለች። ደረቷን እየደቃች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ «ምነው» ትላለች። እኛ ካህናቱ «ተይ፣ አታማርሪ» እንላታለን። «ፈጣሪዬ» ማለቷን ግን አልሰማንም ነበር።

ገበሬው አካፋውን ከጭቃው ነቀለ። ከላይኛው ማሳ «ተራህ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። የቦዩን አፍ የዘጋውን አፈር ሁለት ጊዜ ሲቆርጠው ውኃው ቡናማ አረፋ ይዞ ወደ መጀመሪያው ፈር ገባ። የኔታ ነጠላቸውን ሰብስበው እግራቸውን ከውኃው መንገድ አነሡ።